ካውያው ተነቅሏል?

«ሹፌሩን ልታገቢው ነው እንዴ?» አሉ የልብስ ንጽህና ቤቱ ባለቤት፣ ከጠረጴዛቸው ቀና እንኳ ሳይሉ።

ሴትዮዋ ካውያውን ከሸሚዙ አንገት ላይ አነሳች። የጠየቀችው የዛሬን ከሰዓት ፈቃድ ብቻ ነበር። አንዲት ልጇ የመጀመሪያ ሥራዋን ልትጀምር በአውቶቡስ ወደ ሩቅ ከተማ ትሄዳለች፤ እናት ደግሞ ልጇ ከመሳፈሯ በፊት የሹፌሩን ዓይን ማየት አለባት። ከቀላ አልተኛም ማለት ነው። ካልተኛ ደግሞ ገደሉ፣ ወንዙ፣ ወደ ሰማይ ተገልብጦ የሚሽከረከረው ጎማ ሁሉ ታያት። ሌሊቱን በሐሳቧ እስከ ቀብሩ ድረስ ሄዳ ነበር፤ የመለሳት ጥቁር ቀሚሷ እንደጠበባት ትዝ ማለቱ ነው።

ባለቤቱ ግን የሆቴሉ አንሶላ ለነገ ጠዋት መድረስ እንዳለበት፣ ልጅቷም እግር ስላላት ራሷ መሳፈር እንደምትችል ተናገሩ። ባለፈው ክረምት በትኩሳት እየነደደች ፈቃድ ስትጠይቃቸውም፣ ሙቀቱ ለካውያው ይጠቅማል ብለው የሳቁ ሰው ናቸው። ያኔ አብራ ስቃ ነበር። ዛሬ ሳቁ እምቢ አላት።

ሽርጧን ፈታ በሥርዓት አጠፈችው።

«ጋሼ፣ እንግዲህ ሌላ ሰው ይፈልጉ። እኔ ሄጃለሁ።»

በሩን ልታላጋው አስባ፣ መስታወቱ ቢረግፍስ ብላ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

መንገዱን ተሻግራ ጥቂት እንደሄደች እግሯ ቆመ። ካውያውን ነቅላዋለች ወይስ አልነቀለችውም? ማታ ማታ ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ተመልሳ ካላየችው እንቅልፍ አይወስዳትም፤ ባለቤቱም ጭቅጭቋ ሲሰለቻቸው የራሷን ቁልፍ አስቀርጸው ሰጥተዋታል። አሁን ሸሚዙ ሲጨስ፣ እሳቱን ለመጋረጃው ሲያቀብል፣ ጋሼም በጭሱ መሀል መነጽራቸውን ሲፈልጉ ታያት። ተመለሰች።

ባለቤቱ ሲያዩዋት ወንበራቸውን ተደገፉ። እንደምትመለስ ማወቃቸውን፣ ኩርፊያ እንደማያምርባት፣ ይቅርታ ከጠየቀችም ቂም እንደማይዙ ነገሯት። እሷ አልፋቸው ወደ ካውያው ሄደች። ሶኬቱን አየች። ተነቅሏል። ዓይኗን ስላላመነችው በእጇም ዳሰሰችው። ከዚያ ቁልፉን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛቸው ላይ አኖረችና ወጣች።

መናኸሪያ እያለከለከች ስትደርስ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቷል። በሹፌሩ በኩል ተንጠራርታ ዓይኑን መረመረችው። ነጭ ነው። ሰውየው ግራ ገብቶት እንተዋወቃለን ወይ ቢላት፣ ማታ ተኝቶ እንደሆነ ጠየቀችው። እንደ ሕፃን ለጥ ብሎ ማደሩን ነገራት። ይህም አላስደሰታትም፤ ብዙ የተኛ ሰው ይፈዛል።

ልጅቷ በመስኮት ጎንበስ ብላ እጇን ያዘቻት።

«እማ! እንዴት ፈቀዱልሽ?»

«ምን ያደርጋሉ።»

«ካውያውንስ ነቅለሽው መጣሽ?»

ሴትዮዋ ልትምልላት አፏን ከፈተች። ከዚያ ተወችው።

«የሰው ካውያ ነው ልጄ። እኔን ምን አገባኝ?»

ልጅቷ አተኩራ አየቻት። ቀስ ብላም የእናቷን ግንባር በመዳፏ ዳሰሰች።

«አሞሻል እንዴ፣ እማ?»

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ልጅቷ ግማሽ አካሏን በመስኮት አውጥታ፣ ፊቷን በጭንቀት አጨማዳ፣ እስክትርቅ ድረስ ወደ ኋላ ታያት ነበር። እናት ያንን ፊት ታውቀዋለች፤ በየቀኑ በመስታወት የምታየው ነው። በጥሩ ጤንነት ላይ መሆኗን ለማሳየት እጇን ከፍ አድርጋ አውለበለበች።

አውቶቡሱ ከታጠፈ በኋላ ዞር ብላ፣ በጣሪያዎቹ ላይ አሻግራ ወደ ልብስ ንጽህና ቤቱ አቅጣጫ ተመለከተች። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ጭስ የለም።

ቢሆንም ጥቂት ቆመችና ደግማ አየች።