ቡላ፣ ንገረው

ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ጀርባ ተሰጣጥተው ሲሠሩ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን ፊት ለፊት ተነጋግረው አያውቁም። ዝም ተባብለዋል ማለት ግን አይደለም። ዝምታማ የጨዋ ሰው ኩርፊያ ነው። እነሱ በውሻው በኩል ያወሩ ነበር።

«ቡላ፣ ለዚያ ሰውዬ ንገረው፤ መላጊያውን ከተጠቀመበት ቦታው ይመልሰው» ይላል ታላቅየው፣ ከጣውላው ላይ ቀና ሳይል።

«ቡላ፣ መላጊያው አፍንጫው ሥር ነው በለው። መነጽሩን ያድርግ በለው» ይላል ታናሽየው።

«ይልቅ በሩ ወለሉን እየፋቀ ነው በለው። ትናንት እሱ ነው የነካካው።»

«በሩን የሠራው ማን እንደሆነ ጠይቀው እስቲ!»

ውሻው ሰጋቱራው ክምር ላይ እንደተጋደመ አንዱን ጆሮ ወደዚህ፣ ሌላውን ወደዚያ ያደርጋል። ደንበኞች መጀመሪያ ይስቃሉ፤ እየዋለ እያደረ ይለምዱታል። አንዲት አስተማሪ የመጽሐፍ መደርደሪያ ልታዝዝ መጥታ፣ ሁለቱም ለውሻው ሲያስረዱ ቆማ ሰምታ፣ መጨረሻ ላይ ግራ ቢገባት እሷም ጎንበስ ብላ «ታዲያ መቼ ይደርስልኛል፣ ቡላ?» አለችው ይባላል።

ቡላ የአባታቸው ውሻ ነበር። መልኩ ከሰጋቱራው ጋር አንድ ስለሆነ ሽማግሌው ቡላ አሉት፤ በሥራ ጠረጴዛቸው ሥር ተኝቶ አደገ፣ እዚያው አረጀ።

ጠቡ የመጣው በእሳቸው ሞት ነው። ሽማግሌው በጠና ሲታመሙ ታናሽየው ለሕንፃ ሥራ ሩቅ ከተማ ነበር። «ያ ልጅ መጣ?» ይላሉ። «እየመጣ ነው» ይላቸዋል ታላቅየው። አልደወለለትም እኮ! ዛሬ ይሻላቸዋል፣ ነገ ይነሣሉ፣ ልጁን ከሥራው ላይ ለምን ላስደንግጠው ሲል፣ ሽማግሌው ዓይናቸውን ከበሩ ላይ ሳይነቅሉ አረፉ። ታናሽየው ከሰው ሰምቶ የደረሰው በቀብሩ ማግስት ነው፤ ሲጠሩት እንደነበርም ለቀስተኛው ነገረው። «አባባን ሳላየው ቀበርከው» አለ። ከዚያ በፊት ጋሼ፣ ጋሼ ሲል የኖረ ልጅ፣ ከዚያ በኋላ ወንድሙን በቀጥታ አናግሮት አያውቅም።

ታላቅየው ይቅርታ መጠየቅ ጠልቶ አልነበረም። ቃሉ አፉ ላይ ይደርስና ይመለሳል። ዛሬ እለዋለሁ፣ ነገ እለዋለሁ ሲል ዓመታቱን ውሃ በላቸው። ይህ ሰው ዛሬ ነገ ማለት ስንት እንዳስከፈለው አይቶም እንኳ አልተማረም፤ እልኸኛ ነው እንዳይባል ልቡ ቡቡ፣ ቡቡ ነው እንዳይባል አፉ ድንጋይ።

ታናሽየው ሥራ ቤቱን ጥሎ ያልሄደው ለቡላ ሲል ብቻ ነበር። አንዴ ይዞት ሊሄድ ሞክሮ ውሻው ገመዱን በጥሶ ተመልሶ፣ ሰጋቱራው ላይ ተጋድሞ ተገኘ። ታላቅየው ለውሻው ሲል መቅረቱን ያወቀው ጓሮ ቫርኒሽ ሲያማስል ነው። ታናሽየው ብቻውን የሆነ መስሎት የውሻውን አንገት እያሻሸ «አንተ ባትኖር እኮ እዚህ አንዲት ቀን አላድርም ነበር» ሲለው ሰማ። እጁ ከነማማሰያው ቆመ። ከዚያ ወዲህ ከምሳው ሥጋ ሥጋውን እየመረጠ ለቡላ መስጠት ጀመረ። ብርድ ሲሆን ኮቱን ያለብሰዋል። ሰፈሩ «ይሄ ሰው እንዴት ያለ ውሻ ወዳጅ ነው!» ይላል። መውደዱስ ይወደው ነበር፤ ግን ውሻው የሞተ ቀን ወንድሙም እንደሚሄድ ያውቃል።

ቡላ ሆዱ ውስጥ ዕጢ አበቀለ። ከሳ፤ መብላት ተወ። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት፣ ታናሽየው ቁም ሳጥን አስጭኖ ደንበኛ ቤት ሊያደርስ በሄደበት፣ ውሻው ሊነሣ ሞክሮ ወደቀና ይጮኽ ጀመር። ታላቅየው መዶሻውን ጥሎ የእንስሳት ሐኪሟን ሊጠራ ሮጠ።

ሐኪሟ ሰጋቱራው ላይ ተንበርክካ ሆዱን ዳሰሰችው። ሰው ነክሶ የማያውቀው ቡላ ጥርሱን አሳያት። ማስታገሻ ወጋችውና ጠበቀች። ጩኸቱ ቀነስ አለ እንጂ አልቆመም።

«ጋሼ» አለችው፤ ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ነው የሚለው፣ ከአንድ ሰው በቀር። «ዕጢው ውስጡ ፈንድቷል። ከዚህ በኋላ የሚተርፈው ስቃይ ብቻ ነው። በመርፌ እንገላግለው።»

«ወንድሜ ይምጣ።»

«ቅርብ ነው?»

ስልኩን አወጣና ደወለ፤ ወንድሙ የእሱን ቁጥር እንደማያነሣ እያወቀ ደጋግሞ ደወለ። ከዚያ ጎረቤት ካለው በያጅ ዘንድ ሮጠ። በያጁ የፊት መከለያውን ገልጦ በራሱ ስልክ ደወለለትና «ቡላ እያለቀለት ነው፣ ድረስ!» አለው። ስልኩን ዘግቶ ወደ ታላቅየው ዞረ።

«እየመጣ ነው» አለው።

ታላቅየው ያኔ ለአባቱ ሲል የነበረው እነዚሁን ሁለት ቃላት ነው። አሁን ግን እውነት ነው፣ አለ ለራሱ። አሁን ጠርቼዋለሁ።

ተመልሶ የውሻውን ጭንቅላት ጭኑ ላይ አደረገ። «እየመጣ ነው፣ ቡላዬ። ትንሽ ቻል።» ቡላ ያቃስታል፤ ሲብስበት ድምፁ ልጅ የሚያለቅስ ይመስላል። ሐኪሟ መርፌውን ይዛ አንዴ ትቀመጣለች፣ አንዴ ትነሣለች።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ግፍ ነው። ለማን ብለው ነው?»

«አንድ ጊዜ ሳያይ ቀብሬበታለሁ። አሁን አልደግመውም።»

ስለ ማን እንደሚያወራ አልገባትም። እሱ ግን አባቱን ነበር የሚያየው፤ ዓይናቸው በር ላይ ተተክሎ። ቡላ በሩን አላየም። ቡላ ያየው የነበረው እሱን ነው፣ ዓይኑን ሳይነቅል፣ አንድ ነገር እንደሚለምን ሰው። በሩን በሩን የሚያየው ታላቅየው ራሱ ነበር።

ታናሽየው ላብና አቧራ ሆኖ ሲገባ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታለች። ቡላ እርምጃውን ሲሰማ ጅራቱ ሰጋቱራው ላይ አንዴ ተንቀሳቀሰ። ሊያቅፈው ቢሞክር ውሻው ጮኸ፤ እጁን እንደተቃጠለ ሰው መለሰ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?» ብሎ ሐኪሟን ጠየቃት።

አቀረቀረች። «ከጠዋት ጀምሮ። እንጠብቅ አሉኝ።»

ታናሽየው ቀና ብሎ ወንድሙን ዓይን ለዓይን አየው። ታላቅየው ስንት ዓመት ሲመኘው የኖረው እይታ ነው።

«ምን አደረገህ?» አለው። «ምን አደረገህና ነው እንዲህ የምታሠቃየው?»

«እንድትሰናበተው ብዬ ነው። የአባባን ጊዜ…»

«አባባ እኔን ይጠራ ነበር! ይሄ ግን እኔን ጠራ? መገላገል ነው የፈለገው። የዚያን ጊዜ ለእሱ አልጠራኸኝም፤ ዛሬ ለራስህ ጠራኸኝ።»

እውነቱን ነበር።

ታናሽየው አፉን የውሻው ጆሮ ላይ አድርጎ አንድ ነገር አንሾካሾከለት፤ ግንባሩን ሳመው። ከዚያ ለሐኪሟ ራሱን ነቀነቀላት። መርፌው ገባ። ታላቅየው የውሻውን እግር ይዞ ነበር፤ ቃሉ አሁንም አፉ ላይ ደረሰ፣ አሁን ግን አልተመለሰም።

«ቡላ፣ ንገረው» አለ። «ይቅርታ በለው። ስለ አባባም፣ ስለ አንተም። አጥፍቼያለሁ በለው።»

የቡላ ጆሮ አልተንቀሳቀሰም። ሐኪሟ ደረቱ ላይ እጇን አሳርፋ ቆየችና «አርፏል» አለች። ታናሽየው ሰምቷል፤ እንዴት አይሰማም፣ አጠገቡ ነው። ግን ቀና አላለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ሳጥን ሠሩለት። አንዱ ጣውላውን ቆረጠ፣ አንዱ ገጠመው፤ የሚፈልጉትን ዕቃ ሁለቱም እየተነሡ ራሳቸው አመጡ። በአባታቸው ሽርጥ ጠቅልለው ጓሮ ቀበሩት። ታናሽየው እጁን ታጠበና መሮዎቹን፣ መጋዙን፣ የራሱን መዶሻ በጨርቅ ጠቀለለ። ጥቅሉን ብብቱ ሥር አድርጎ ወደ በሩ ሄደ።

ታላቅየው ሰጋቱራውን አየ። ውሻው የተኛበት ጎድጓዳ እንዳለ ነው።

«ቡላ» አለ። «አትሂድ በለው።»

ታናሽየው እጁን በሩ ላይ እንዳደረገ ቆመ። ዞሮ ወደ ባዶው ሰጋቱራ ተመለከተ፤ አንድ ነገር ሊል ነበር፤ ግን ለማን ይበለው? ወጣ።

በሩ እንደ ወትሮው ወለሉን እየፋቀ ተዘጋ። ታላቅየው መላጊያውን አንሥቶ፣ በሩን ከሥሩ ትንሽ ብልገው ይስተካከላል ብሎ አሰበ፤ ይህንንም የሚነግርለት ፈለገና አጣ።