የዘጠና ስድስት ሰው ብርጭቆ

"እሱን ለብቻ አስቀምጪው፤ አፉ ተሸርፏል!" አለች ኦድኒ በመንደሩ አዳራሽ ወጥ ቤት መሰላል ላይ እንደቆመች።

ቶሪል የሻምፓኙን ብርጭቆ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ አየችው። ምንም አልታያትም። በጣቷ ስትዳብሰው ግን ጥፍሯን ያዝ አደረገው።

"አንቺ ሴትዮ፣ ዓይንሽ ነው አጉሊ መነጽር?"

"ሠላሳ ዓመት ሳጥበው ኖሬ ባላውቀው ነበር የሚገርመው።"

ቶሪል እየሳቀች ብርጭቆውን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠችው። ዕለቱ ሐሙስ ነው፤ ልጇ ማረን ቅዳሜ ታገባለች። ኦድኒ ጎረቤቷ ናት፤ ሳታገባ፣ ሳትወልድ ስልሳ አንድ ዓመት ሞልቷታል። ቀን በመንደሩ ሱቅ ሂሳብ ትቀበላለች። የአዳራሹ ቁልፍም እሷ ዘንድ ነው። በዚያ ፊዮርድ በሚባለው ጠባብ የባሕር ወሽመጥ ዳር ሰርግም ሆነ ክርስትና ሲደገስ፣ የትኛው ብርጭቆ ስንት ሆኖ የት እንደሚቀመጥ ከኦድኒ ሌላ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

"የሻምፓኙ ደህና ደህናው ዘጠና ነው። ሰው ግን ዘጠና ስድስት!" አለች ቶሪል።

"ስድስቱ ልጆች አይደሉ? የፖም ጭማቂያቸውን በውሃ ብርጭቆ ይጠጣሉ፤ ልክክ አለ። ለአጎትሽ ለማግኔ ደግሞ ወፍራም የወይን ብርጭቆ እሰጠዋለሁ። ሙሽሮቹ ይሳሳሙ እያለ ብርጭቆውን በቢላ ሲቀጠቅጥ፣ በእህትሽ ሰርግ አራት ሰብሮብኛል።"

"ሙሽራው እንኳ እንደሱ አልቸኮለም እኮ!"

ተሳሳቁ። ቶሪል ከቦርሳዋ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣች። "በይ፣ የአቀማመጡ ዝርዝር። በዚህ አከፋፍይው።"

ኦድኒ ከመሰላሉ ወረደች። ወረቀቱን ተቀበለች። ማረን በአራት ዓመቷ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ የመጣች ልጅ ናት። እናቷ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ በነበረችባቸው ዓመታት ኦድኒ ቤት እራቷን በልታለች፣ ፊደል ቆጥራለች፣ ኩፍኝ ወጥቶባት ተኝታለች። የሰርጉ ጥሪ ለመንደሩ ሰው በፖስታ ሲታደል ለኦድኒ አልደረሳትም። "ጎረቤት በአፍ ነው የሚጠራ" ብላ ራሷን አጽናናች። የእናቷን የባህል ልብስ ወገቡን አስፍታ፣ የብሩን ጌጥ ወልውላ፣ መኝታ ቤቷ ከሰቀለችው ሦስት ወሩ።

ስምንት ጠረጴዛ፣ በየጠረጴዛው አሥራ ሁለት ሰው። በጣቷ እየተከተለች አነበበች። አምና ወደ መንደሩ የመጣው የጥርስ ሐኪም ሳይቀር ከነሚስቱ አለ። ስምንተኛው ጠረጴዛ አለቀ።

"ምነው፣ የጎደለ አለ?"

"የለም... ሞልቷል።"

"ኧረ ገልብጪው! አንቺ ከጀርባው ነሽ።"

ገለበጠችው። "ወጥ ቤት" ይላል። ከሥሩ፣ "ኦድኒ፦ ብርጭቆ።"

"ከምግቡ በኋላ ለወጥ ቤቱ ምስጋና ሲቀርብ መጀመሪያ የምትጠሪው አንቺ ነሽ። አበባም አዘናል!" አለች ቶሪል። ከልቧ ነው፤ ቶሪል ክፋት አታውቅም።

ኦድኒ ምስጋናውን አሳምራ ታውቀዋለች። እጇን በሽርጡ ጠርጋ በሩ ላይ ትቆማለች፤ ሰው ሁሉ ያጨበጭብላታል፤ ከዚያ በሩ ተመልሶ ይዘጋል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ የሰርግ ንግግር አዳምጣ አታውቅም። ንግግሩ ማለቁን የምታውቀው ብርጭቆ ሲጋጭ በግድግዳው በኩል ሰምታ ነው። ያን ጊዜ የሚሰማትን ብቸኝነት ለማንም ነግራ አታውቅም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እሷም በዚያ ተማምና ኖራለች። ለካ ውስጥ ውስጡን ይነቅዛል።

መሰላሉ ላይ ተመልሳ ወጣች። አንድ የነጭ ወይን፣ አንድ የቀይ ወይን፣ አንድ የውሃ ብርጭቆ፣ አንድ መለኪያ ይዛ ወረደችና የተቆጠሩት ብርጭቆዎች ወዳሉባቸው ሣጥኖች ጨመረቻቸው።

"እንዴ፣ ቆጥረን ጨርሰን የለም?"

"ዘጠና ሰባት ነው" አለች ኦድኒ።

"ማን ተጨመረ?"

"እኔ።"

ቶሪል ልትስቅ ነበር፤ የኦድኒን ፊት አየችና ተወችው። "ኦድኒዬ፣ አንቺማ ሁሌም አለሽ!"

"ያለሁት ወጥ ቤት ነው፣ ቶሪል። ማረን ስትናገር ቁጭ ብዬ መስማት እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

"ታዲያ ብርጭቆውን ማን... ማለቴ..." ቶሪል እስከ ጆሮዋ ቀላች።

"ምን ከምን ቀጥሎ እንደሚወጣ ጽፌ ግድግዳው ላይ እለጥፈዋለሁ። ማንበብ የሚችል ሰው አይጠፋም።"

ኦድኒ ወረቀቱን ወደ ፊቱ መለሰችና ስምንተኛው ጠረጴዛ ግርጌ ስሟን በእስክርቢቶ ጻፈች። ቶሪል ቆማ አየቻት። ከዚያ ሣጥኑን ማየት ቀለላት መሰል፣ አንገቷን ደፍታ፣

"የሻምፓኙ ግን ዘጠና ብቻ ነው እኮ" አለች ቀስ ብላ።

ኦድኒ እጇን ወደ መስኮቱ ዘርግታ የተሸረፈውን አነሳችው።

"በየት በኩል እንደሚጠጣበት አውቃለሁ" አለችና በወረቀት ጠቅልላ ሣጥኑ ውስጥ ከዘጠናዎቹ ጋር ጨመረችው።