በ«ምሽግ» ምረቃ ላይ የተነበበ ዳሰሳ

ዘርአይ ሲደውልልኝ ማን መሆኔን አላወቀም።

«ሶሬቲ፣ ጌም ዲዛይን የተማርሽው ፊንላንድ ነው አሉኝ። ‹ምሽግ› የሚባል የጦርነት ጌም ሠርተን ቅዳሜ ይመረቃል። ዳሰሳ ብታቀርቢልን? እንዳንቺ ውጭ የተማረ ሰው ሲናገር ክብደት አለው።»

እሺ ብቻ አልኩት። ሌላ ቃል ብጨምር ድምፄ ያሳብቅብኝ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት «ሁለት ዘብ» የሚባል ጌም ሠርቼ ነበር፤ ሁለት ሰዎች ተጋግዘው ድልድይ የሚጠብቁበት። ያኔ ዘርአይ ጌም አይሠራም፤ አርባ ሺህ ተከታይ ባለው የቴሌግራም ገጹ ላይ ይተች ነበር። ስለ እኔ ጌም ዐሥራ ሁለት መስመር ጻፈ። ስሜን እንኳ አልጠራም፣ «ሠሪዋ» ብሎ አለፈኝ። በሳምንቱ ሊደግፈን ቃል የገባው ድርጅት ስልኬን ማንሳት ተወ። በወሩ ጉርድ ሾላ የነበረችንን ቢሮ ዘጋን።

ዐሥራ ሁለቱን መስመር በቃሌ እወጣቸዋለሁ።

«ምሽግ»ን የተጫወትኩት ከአክስቴ ልጅ ከኪዱ ጋር ነው። ኪዱ ቦሌ ካርጎ ይሠራል፤ ሁለት የዕረፍት ቀኑን ወሰድኩበት። ጉድለት ልለቅም ነበር የተቀመጥኩት። በጌሙ ውስጥ የቆሰለ ወታደር ራሱን ችሎ አይነሳም። ጓደኛው በደረቱ ተስቦ መጥቶ ይጎትተዋል፤ የሚጎትት ደግሞ መተኮስ አይችልም። ኪዱ በየአምስት ደቂቃው ይመታል።

«ቀስ ብለሽ ጎትቺኝ እንጂ፣ ተሰባሪ ዕቃ ነኝ» ይለኛል።

«ዝም በል፣ እየተኮሱብኝ ነው።»

«ታዲያ ትተሽኝ ሂጂ።»

ትቼው አልሄድኩም። ጌሙ ጥሩ ነው፤ ከእኔው ይሻላል። ወይም ጥሩ የሚለው ፊንላንድ ያስተማሩኝ ዓይን ይሆናል። እዚህ ከተመለስኩ ወዲህ የቱ ዓይን የራሴ እንደሆነ እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም። ሐሙስ ዕለት እውነተኛውን ዳሰሳ አራት ገጽ ጻፍኩ። ዓርብ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩትና ሌላ ወረቀት አወጣሁ።

ኪዱ አነበበው። «ምረቃ ላይ ሰው ይሰደባል እንዴ?»

እውነቱን ነው። በእኛ አገር መጽሐፍ ሲመረቅ ዳሳሹ ያመሰግናል፤ መጨረሻ ላይ «ጥቂት የፊደል ግድፈት አይቻለሁ» ብሎ ይጨበጨብለታል። ዘርአይም ጌሙን እንደ መጽሐፍ ነበር የሚያስመርቀው። ሃያ ሁለት ሰፈር የሆቴል አዳራሽ ተከራይቶ፣ ሱፍ ለብሶ፣ እናቱን ፊት ወንበር ላይ አስቀምጦ። የመድረክ መሪው «ከፊንላንድ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ጠራኝ።

ማንበብ ጀመርኩ።

«ተኩሱ ድምፅ እንጂ ክብደት የለውም። ወታደሮቹ የደንብ ልብስ የለበሱ እንጨቶች ናቸው። ሠሪው አገሩን በአውሮፕላን መስኮት ያየ ይመስላል።»

ሰው መጀመሪያ የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ።

«መተጋገዝ የሚባለው ለማስታወቂያ ነው። እኔ ብቻዬን ተጫውቼዋለሁ፤ ምንም አልጎደለብኝም።»

ዘርአይ ተነሳ። «ይቅርታ፣ ይሄ ውሸት ነው። ጌሙ ለብቻ አይከፈትም። ሁለተኛ ሰው ካልገባ የመጀመሪያው በር ላይ ይቆማል።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እኔ ነኝ እኮ የሠራሁት። ይህን የጻፈ ሰው ጌሙን ከፍቶ አላየውም። ያሳፍራል።»

«‹ሁለት ዘብ›ም ለብቻ አይከፈትም ነበር» አልኩት። «ሠሪዋ እኔ ነኝ። ያነበብኩት ያንተን ዳሰሳ ነው። ‹ሠሪዋ›ን ‹ሠሪው› ብዬ ከሴት ወደ ወንድ ከመለወጥ በቀር አንድ ቃል አልነካሁም።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ስልኮች ወደ ላይ ወጡ። እናቱ ምን እንደተባለ አጠገባቸው ያለችውን ሴት ጠየቁ። ይህን ሰዓት ሁለት ዓመት ስሥለው ኖሬያለሁ፤ በምናቤ ሁልጊዜ ይክደኝ ነበር። አልካደም። ወደ መድረኩ ቀረብ ብሎ ያለ ማይክ ጠየቀኝ።

«አንቺስ? ተጫውተሽዋል?»

«ዐሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ።»

«እና?»

ከልቡ ነበር። አዳራሹንም ውርደቱንም ረስቶ ከንፈሬን ያያል። ያን ረሃብ አውቀዋለሁ። አንድ ሰው፣ በእውነት የተጫወተ አንድ ሰው፣ ምን እንዳየ እንዲነግረኝ ወር ሙሉ ጠብቄ ነበር። ወረቀቱን አጥፌ ከመድረክ ወረድኩ።

አብሮኝ የመጣው ኪዱ ውጭ ደረሰብኝ። «ጥሩ ነው ብትዪው ምን ነበረበት?»

«ጥሩ ስለሆነ ነው ያላልኩት።»

«ክፉ ነሽ።»

«ነኝ።»

ታክሲ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። የዘርአይ መልእክት ነው። «ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ጌሙን ግን እንዴት አገኘሽው?» ጥቂት ቆይቶ ደገመ፤ «ስድብም ቢሆን ንገሪኝ።» ትንሽ እንደሄድን ሦስተኛው መጣ፤ «አንድ መስመር ብቻ።»

ኪዱ በትከሻዬ በኩል አነበበ። «በእግዜር፣ መልሺለት።»

«ነገ» አልኩት።

ነገ እንደማልመልስለት አውቃለሁ። ከነገ ወዲያውን ግን አላውቅም።