ለቅሶ የሌለበት ድንኳን

ቆሟል ድንኳኑ። የለም ለቅሶው።

በእድሩ ዕቃ ቤትና በተዘጋው ትምህርት ቤታችን አጥር መካከል፣ በጠባቧ ሜዳችን ላይ ቆሟል… ፀሐይና ዝናብ ያነጣው አረንጓዴ ሸራ፣ የሰፈራችንን ሙታን ሁሉ የሚያውቀው ሸራ። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው የመጡ ሴቶች ደጃፉ ላይ ሲደርሱ አፋቸው ላይ የነበረውን ዋይታ መልሰው ይውጡታል። ግራና ቀኝ ያያሉ። ደረት የሚደቃ የለም፣ ሙሾ የሚያወርድ የለም። ነጠላቸውን አስተካክለው ይመለሳሉ።

ማን ሞተ?

ሰው ሞቶ እንኳ ድንኳን የማይተከልበት ጊዜ ነበር… በሽታው የገባበት፣ ከአራት ሰው በላይ አትሰብሰቡ የተባለበት፣ ለቀስተኛ ከሩቅ አንገቱን ደፍቶ የሚመለስበት ጊዜ። በዚያ ጊዜ ድንኳን ተተከለ። እኔ ማራማዊት፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ ደጃፋችን ላይ ቆሜ አየሁት፤ ማወቅም ፈለግሁ።

ለሟቹ አዝኜ ነው ብል እዋሻለሁ። ርቦኝ ነው። ድንኳን ካለ ንፍሮ አለ።

ምሳ የምንበላው ትምህርት ቤት ነበር። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ምሳውም አብሮ ተዘጋ። እናቴ በየሰው ቤት እየዞረች ልብስ ታጥብ ነበር፤ በሽታው እስኪያልፍ ቅሪ አሏት፤ ያም በር ተዘጋ። የሚከፈት የቀረው የድስታችን ክዳን ብቻ ነበር… ከፍተን እናያለን፣ መልሰን እንከድናለን።

እናቴ የቀራት አንድ መላ እትዬ ብርቄ ነበሩ። እትዬ ብርቄ የቤት ሠራተኛ የሚያገናኙ ደላላ ናቸው። ቅዳሜ መጥተው ይወስዱኛል፣ ሰው ቤት እገባለሁ፣ ስምንተኛ ክፍል ይቀራል። እናቴ ይህን የነገረችኝ ከኋላዬ ተቀምጣ ፀጉሬን እየሠራች ነው፣ ፊቷን እንዳላይ።

"እዚያ ጠግበሽ ትበያለሽ" አለችኝ።

ጣቶቿ ግን ፀጉሬን አጥብቀው ነበር የያዙት።

ቆሟል ድንኳኑ። የለም ለቅሶው… ማን ሞተ?

የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ሽፈራው ጥሩምባቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው አለፉ። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ሰፈሩን የሚቀሰቅሱት እሳቸው ናቸው፤ በዚያ ጠዋት ግን አልነፉም። ተከትዬ ጠየቅኋቸው።

"ገብተሽ ሟቿን ራሷን ጠይቂያት" አሉኝ፤ ሳቃቸውን በጭምብላቸው ሸፍነው።

እንዲህ ተብሎ የማይገባ ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። ሸራውን ገለጥኩ። ዋናው ሐዘንተኛ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ፣ ምንጣፉ ላይ፣ እማማ አጸደ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል… ትምህርት ቤታችን በር ላይ ቆሎ የሚሸጡልን እማማ አጸደ። አጠገባቸው ዳንቴል የለበሰች ሬዲዮናቸው ነበረች። በአንዱ ጥግ የእድሩ ትልቅ ድስት ይንተከተካል፤ ስንዴና ሽምብራ።

"ነይ፣ እጅሽን ታጠቢ" አሉኝ።

ታሪኩን ኋላ ጋሽ ሽፈራው ነገሩኝ። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ወዲህም ልጆች በምሳ ሰዓት እየመጡ የብረት በሩን ነካ አድርገው ይመለሱ ነበር፤ ምናልባት ይከፈት እንደሆነ ብለው። እማማ አጸደ ቆሎ የሚገዛቸው ባይኖርም ከቦታቸው አልቀሩም ነበርና ይህን ያያሉ። አይተው አይተው ወደ እድሩ ዳኛ፣ ወደ አቶ ለገሰ ሄዱ። ድስቱ ተቀምጧል፣ አግዳሚ ወንበሩ ተቀምጧል፣ ስጠኝና ልጆቹን ላብላ አሏቸው። አቶ ለገሰ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሕግ ግን ይወዳሉ። በእድራችን ሰው ሳይሞት ዕቃ አይወጣም፣ እህልም አይሰፈርም።

"እንግዲያው ሞታለች በል" አሉ እማማ አጸደ። "ለቅሶዬን አሁን ስጡኝ። ልጅ የለኝ፣ ዘመድ የለኝ። የሚያለቅስልኝ ባይኖር የሚበላልኝ ይኑር።"

አቶ ለገሰ ደነገጡ። ቀኑ የደረሰ ጊዜ ድንኳንም ንፍሮም የለዎትም፣ ያስቡበት፣ ብለው ለመኗቸው።

"ሁለት ጊዜ አልሞትም" አሉ እማማ አጸደ። ነገሩ በዚህ አለቀ።

ቆሟል እንግዲህ ድንኳኑ። አራት አራት እየሆንን እንገባለን፤ ለእያንዳንዱ ምሰሶ አንድ ልጅ፤ ሟቿ አትቆጠርም። አራቱ ሲወጡ አራት ይገባሉ። ሬዲዮዋ አንዱ ምሰሶ ላይ ተሰቅላ ታስተምራለች… ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ታሪክ። እኛ እያኘክን እንሰማለን፣ እየሰማን እንጽፋለን።

እማማ አጸደም ይሰማሉ። የሬዲዮው መምህር "ገባችሁ?" ሲል እሳቸው ናቸው የሚመልሱት።

"እኔን አልገባኝም። ድገመው።"

መምህሩ አይደግምም። እኔ እደግምላቸዋለሁ። ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ምግቡን እንደሚሠራ የነገርኳቸው ቀን ሸራውን ገለጥ አድርገው የአጥሩን ባሕር ዛፍ ብዙ ጊዜ አዩት። ያለ ማገዶ ነው እንዴ የሚበላው፣ እያሉ ተገረሙ። በማግስቱ ደግሞ ማታ ማታስ ምን ይበላል አሉኝ። ሁለታችንም ማወቅ ፈለግን፣ እኔም መጽሐፌ ውስጥ ፈልጌ አመጣሁላቸው።

ትንሿ ፌቨን መጀመሪያ ቀን በልታ ስትጨርስ ለቅሶ ቤት እንደተማረችው ተነሥታ "ነፍስ ይማር" አለች።

"ገና ነኝ" አሉ እማማ አጸደ፣ እየሳቁ።

እናቴ ግን አልሳቀችም። በቁሙ ላለ ሰው ድንኳን መትከል ሟርት ነው አለች። እጄን ይዛ ልታወጣኝ መጣች። እማማ አጸደ አልተቆጧትም፤ ክርክርም አልገጠሟትም። ከድስቱ በጭልፋ አወጡና መጀመሪያ ራሳቸው በሉ፤ ሟቿ የራሷን ንፍሮ በላች። ከዚያ ለእናቴ ዘገኑላት። እናቴ በእጇ ይዛው ቆመች… ቆመች… ከዚያ ቆማ በላችው፤ እንባዋ አገጯ ላይ ባወረደችው ጭምብል ውስጥ እየገባ። ስንት ቀን ሳትበላ ለእኔ እንደምታቀርብልኝ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፣ በአበላሏ።

ቅዳሜ ደረሰ። እትዬ ብርቄ መጡ።

በድንኳኑ ቀዳዳ አያለሁ፤ የሬዲዮው መምህር የሚለውን አልሰማም። እናቴ በራችን ላይ ቆማለች። እናቴ ውሸት አትችልም፤ ስትዋሽ አንገቷ ይቀላል። ያን ቀን ግን አንገቷ አልቀላም።

"ልጄ ለቅሶ ላይ ናት" አለቻቸው።

እትዬ ብርቄ ዞረው ድንኳኑን አዩ። ለቅሶ ላይ ያለን ሰው ና ተነሥ የሚል በአገራችን ማን አለ? ነጠላቸውን ዘቅዝቀው እግዚአብሔር ያጥናችሁ አሉ፤ ሄዱ። ማን ሞተ ብለው እንኳ አልጠየቁም።

ለቅሶ ሦስት ቀን ነው፤ የእማማ አጸደ እህል አለቀ። ስንጨነቅ ጋሽ ሽፈራው የእኔን ለቅሶ ጨምሩበት አሉ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው… ጠዋት ስንመጣ ጥያቄው ተለወጠ፤ ዛሬ የማን ነው? እያልን እንገባለን። ዛሬ የባለሱቁ ነው፣ ዛሬ የሽማግሌው ወታደር ነው። ክረምቱ መሃል ላይ አቶ ለገሰ ራሳቸው ሞቱ፤ ማለቴ ሰጡ። ቆሎ የምታክል ፈገግታ አሳዩና ቶሎ መልሰው ያዟት።

እትዬ ብርቄን ግን ረስቼያቸው አላውቅም። ድንኳኑ ሲነቀል ይመለሳሉ እል ነበር።

ተነቀለ። ጥቅምት ላይ ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው ሲባል፣ ምሳም ይኖራል ሲባል፣ ሸራው ታጥፎ ዕቃ ቤት ገባ። በሜዳዋ ላይ አራቱ የምሰሶ ጉድጓዶች ብቻ ቀሩ። እና በሩ በሚከፈትበት ቀን ዋዜማ ላይ እማማ አጸደ በተኙበት ቀሩ።

በዚህኛው ጠዋት ጋሽ ሽፈራው ነፉ። ጥሩምባው ሲሰማ ማን ሞተ ብዬ አልጠየቅሁም። አወቅሁ።

አቶ ለገሰ ቁልፉን ይዘው ዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆመው ነበር። ሊከፍቱ ፈለጉ። ሕግ የሚወዱት አቶ ለገሰ ሕጉን ሊጥሱ ደረሱ። "ሁለት ጊዜ አልሞትም ብለዋል" አሏቸው ጋሽ ሽፈራው። አቶ ለገሰ ቁልፉን ኪሳቸው መለሱት።

ከቀብር ስንመለስ ማንም ሳይጠራን ሜዳዋ ላይ ተገናኘን። ማንም ሳያዘን በየራሳችን የምሰሶ ጉድጓድ ላይ ቆምን፣ ሌሎቹ ከኋላችን። ትንሿ ፌቨን ነፍስ ይማር አለች፤ ገና ነኝ የሚላት ግን አልነበረም። ያን ጊዜ አለቀስን፤ ጮክ ብለን፣ ሰፈሩ እስኪሰማ።

የለም ድንኳኑ። አለ ለቅሶው።

እትዬ ብርቄ በሜዳዋ ሲያልፉ አዩን፤ ቆሙ። ወደ እኔ መጡ።

"ማን ሞተ?"

"እማማ አጸደ።"

ዙሪያውን አዩ።

"ታዲያ ድንኳናቸውስ?"

"በልተነዋል" አልኳቸው።

እትዬ ብርቄ አዩኝ… ብብቴ ውስጥ የያዝኩትን ደብተሬን፣ ፊቴን፣ የቆምኩበትን ጉድጓድ። ስለ ሰው ቤት አላነሱም። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ከጎኔ ቆሙ።