እንቁላሉ በእግሩ የሄደ ለታ

የባዮሎጂ መምህርቷን ተማሪዎቿ «ፈንድሻ» የሚሏት ያለ ነገር አይደለም። ሳቅ ሲመጣባት እንደ ሰው አፍና ማስቀረት አታውቅበትም፤ ትፈነዳለች። በገዛ ሠርጓ እንኳ «እሺ» ማለት ሲገባት ፈንድታ ሙሽራውን አስደንግጣዋለች።

ዛሬ ግን ብትፈነዳ ጉድ ይፈላል። የሙከራ ጊዜዋ ማብቂያ ነው፤ ርዕሰ መምህሩ ከኋላ ተቀምጠው ይገመግሟታል። ፊታቸው ሲፈታ አይቻለሁ የሚል ሰው እስካሁን አልተገኘም። ጠዋት ኮሪደር ላይ አስቁመዋት «ክፍል የቁም ነገር ቦታ ነው። ሳቅ ከሰማሁ፣ የሳቀው ሰው ይሄዳል። ተግባባን?» ብለዋታል። እሷ ደግሞ ይህን ሥራ እንደ ነፍሷ ትወደዋለች።

የዕለቱ ትምህርት ኦስሞሲስ ነው። ሁለት እንቁላሎች ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፋ ቅርፊታቸውን አሟሙታ ነበር፤ የቀራቸው ስስ ቆዳ ብቻ ነው፣ ልክ እንደ እንስሳ ሴል። ከዚያ አንዱን ንጹህ ውሃ ውስጥ፣ ሌላውን ወፍራም የስኳር ውሃ ውስጥ ጨመረችው። አንዱ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ አንዱ ውሃውን ተነጥቆ ይጨማደዳል።

ብልቃጦቹን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ ክው አለች። ሁለቱም አብጠዋል! ትናንት እናቷ «ስኳር ውስጥ የወደቀውን እንቁላልሽን አጣጥቤ ንጹህ ውሃ ቀየርኩለት» ስትላት፣ ልብ ሳትል «ተባረኪ እማዬ» ብላ አልፋ ነበር። እነሆ በረከቱ! ሳቁ ከሆዷ ተነስቶ ጉሮሮዋ ላይ ደረሰ። ከንፈሯን ነክሳ ለዚሁ ትምህርት ወዳመጣቻቸው ሁለት ካሮቶች ዞረች።

«ውሃ ጨው ወይም ስኳር ወደበዛበት ይሄዳል» አለች። «ይሄ ካሮት ጨው ውሃ ውስጥ ስለነበር ውሃው ወጥቶበት ልፍስፍስ ብሏል። ይሄኛው ንጹህ ውሃ ጠጥቶ ቀጥ ብሏል።»

ርዕሰ መምህሩ ተነስተው መጡ። በአንድ እጃቸው ቀጥ ያለውን ካሮት፣ በሌላው ያበጠውን እንቁላል አነሱ።

«ሁለቱም ውሃ ጠጥተዋል። ታዲያ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ውሃ የሚያነሳ መልስ ስጪኝ» አሉና ጨበጥ አደረጉ።

«ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ...» ብላ ሳትጨርስ፣ ጷ!

አስኳሉ በክራቫታቸው ወረደ፣ በሱሪያቸው አለፈ፣ ጫማቸው ላይ አረፈ። ከመሀል አንዲት ተማሪ በሹክሹክታ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለች።

ወይ አምላኬ! የፈንድሻ ጉንጮች ተነፉ፣ ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ። ሥራዬ፣ ሥራዬ እያለች ትንፋሿን ያዘች።

«ቲቸር» አለች ያቺው ተማሪ፣ «ካሮቱ ያልፈነዳው ሴሎቹ ግድግዳ ስላላቸው ነው፣ አይደል? እንቁላሉ ግን ግድግዳ የለውም።»

ፈንድሻ አፏን ብትከፍት ጉድ ስለሚሆን በጭንቅላቷ ብቻ አዎ አለች። ርዕሰ መምህሩ ካሮቱን አዩ፣ ጫማቸውን አዩ፣ መልሰው ካሮቱን አዩ። ከአፍንጫቸው እንደ ማንቆርቆሪያ ፉጨት ያለ ነገር ወጣ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው እንደ ሕፃን ተንከተከቱ። ያን ጊዜ ፈንድሻም ፈነዳች፣ ክፍሉም አብሯት።

ርዕሰ መምህሩ እንባቸውን በንጹሁ እጃቸው ጠረጉ።

«የሳቀ ይሄዳል ብያለሁ፣ ቃሌን አላጥፍም» አሉ። «ቀድሜ የሳቅሁት እኔ ነኝ፤ ልሂድ፣ ልብሴን ልቀይር። አንቺ እዚሁ ትቆያለሽ።»