ሌባ ስርጥ

የሉዊስ ደሴት ጨፌ ለእንግዳ ሰው ባዶ ነው፤ ለአገሬው ግን ስም የሌለው ጉብታ የለውም። ጊደር ያደረችበት ኮረብታ፣ ሙሽራዋ ያረፈችበት ድንጋይ፣ ሌባ ስርጥ የሚሉት ጎድጓዳ።

ሌባ የተባለው በመንደሩ የምትኖረው የሾናግ አያት ፊንሌ ነበር። በረዶ በበዛበት ዓመት የጎረቤቱ በጎች ደብዛቸው ጠፋ። ፊንሌ በዚያ ስርጥ ሲያልፍ ታይቷል ተባለ፤ ወሬው ስም ሆኖ ቦታው ላይ ቀረ። ፊንሌም አንገቱን ደፍቶ ኖሮ አንገቱን ደፍቶ ሞተ።

ዘንድሮ መንደሩ የየቦታውን ስም በድንጋይ አስቀርጾ በመንገዱ ዳር ሊተክል ተነሳ። ሾናግ ስብሰባው መሃል ቆመች።

«ያ ስም እንዳይቀረጽ።»

በጎቹ የጠፉበት የዚያ ጎረቤት የልጅ ልጅ፣ ሽማግሌው ቶርኪል፣ ከወንበሩ ሳይነሳ መለሰላት። «ስም እንደ ቀሚስ አይቀየርም፣ ሾናግ። አባቶቻችን ያሉትን ነው የምንለው።»

«አይተው ነው ያሉት?»

ሰው ሳቀ። እሷ ወጥታ ሄደች።

በማግስቱ ደርቆ እንደ እንጨት የሚነደው የጨፌው ማገዶ አፈር የሚቆረጥበትን ስለታም አካፋ ተሸክማ ስርጡ ውስጥ ወረደች። በግ ውሽንፍር ሲመታው ወደ ጎድጓዳ እንደሚሸሽ ታውቃለች፤ ያ ጎድጓዳ ደግሞ ከበረዶው በታች ማጥ ነው። ማጡ የዋጠውን ቶሎ አያበሰብስም። የመንደሩ ሰው ማገዶ አፈር ሲቆርጥ የጥንት ሰዎች የቀበሩትን ቅቤ ሳይቀር አውጥቷል።

ቆፈረች። ዝናብ ጉድጓዱን ሞላው፤ በባልዲ ቀድታ ደፍታ እንደገና ቆፈረች። ወገቧ አልቀና አለ። ቶርኪል ውሻውን አስከትሎ ሲያልፍ ቆም አለ።

«ወርቅ አገኘሽ?»

«ገና ነኝ።»

«ይሄን ጉልበት ለድንችሽ ብታደርጊው ምን ነበረበት?»

«ድንቼ ደህና ነው። እርስዎ ይለፉ፣ ብርሃን ጋረዱብኝ።»

ሐምሌ ሲጋመስ አካፋው ሱፍ አወጣ። በእጇ እየዳበሰች ብትጠርገው ጭንቅላት ሆነ፤ ጆሮው ጫፉ ላይ ተሰንጥቋል፣ ከሥሩም ትንሽ ተቆርጧል። በዚያ አገር እያንዳንዱ ቤት የራሱ የጆሮ ምልክት አለው። ሾናግ ጭቃዋን ሳትታጠብ ቶርኪል ደጃፍ ቆመች።

«ይምጡ።»

«ወዴት?»

«በጎችዎ ጋ።»

ሽማግሌው ጉድጓዱ አፍ ላይ ባርኔጣውን አወለቀ። ተንበርክኮ ጆሮውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«የእኛ ምልክት ነው» አለ ዝግ ብሎ። «አያቴ እስኪሞት ፊንሌን ሲረግም ነው የኖረው።»

ሾናግ አካፋውን አነሳች። ቶርኪል እጁን ዘረጋ።

«ሌሎቹም እዚሁ ይሆናሉ። አካፋውን ስጪኝ፤ አንቺ ትንሽ አረፍ በይ።»

እስኪመሽ ሦስት አወጡ።

በሚቀጥለው ስብሰባ የተነሳው ቶርኪል ነው፤ ያየውን አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ማንም አልሳቀም። አንዱ «እንግዲያው በግ የሰጠመበት ስርጥ እንበለው» አለ።

«አይሆንም» አለች ሾናግ። «ፊንሌ ስርጥ ነው የሚባለው። ስሙን ጠርተው ነው የሰደቡት፣ ስሙን ጠርተው ይካሱት።»

ቶርኪል ቀድሞ እጁን አወጣ፤ ሌላውም ተከተለው።

ሾናግ በሳምንቱ ተመልሳ ወርዳ፣ የሰው ከብት እንዳይገባበት ጉድጓዱን ደፈነችው።