የተሰፋው ኪስ

«ሐኪሙ ልቧ ነው ብሏል አሉ» አለች ጎረቤቲቱ።

«ተይኝ እባክሽ! ልብ ያሉት ጠርሙሱን ለመሸፈን ነው» አለች የሟች አክስት። ሹክ ያለች መስሏታል፤ ሹክሹክታዋ ግን ሦስት ወንበር ተሻግሮ ሾፌሩ ጆሮ ገባ።

ሾፌሩ የሟች ባል ነው። ሦስት ቀን ሙሉ «ያጽናህ» ሲባል አሜን ሲል ሰንብቷል። አክስቲቱን አፍሽን ዝጊ እንዳይላት ምላሱን ያሰረው አንድ ነገር ነው፦ ሚስቱ በሞተችበት ጠዋት ይህንኑ የጠየቃት እሱ ራሱ ነበር። የሻይ ብርጭቆው ከእጇ አምልጦ ሲሰበር፣ ጣቶቿ ሲንቀጠቀጡ አይቶ፣ «ቀምሰሻል እንዴ?» አላት። ትክ ብላ አየችው። ሳትመልስለት ወደ ስፌት ክፍሏ ገባች። ከሰዓት በኋላ መንገድ ላይ ወደቀች።

ሰፈሩ «መርፌ» ይላት ነበር፤ ስፌቷም ምላሷም ስቶ አያውቅም። ከዓመታት በፊት ሾፌሩ ከሥራ የተቀነሰ ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ቃል ነጠፈበት። እሷ ዝምታውን ለመቻል ትጎነጫለች፤ እሱ መጎንጨቷን እያየ ይብስ ይጨልምበታል። የቱ እንደቀደመ ሁለቱም አያውቁም። በጋውኗ ውስጥ የጠርሙሷን ልክ ኪስ ሠርታ ነበር። ለጥፋቷም ቢሆን አሳምራ ነው የምትሰፋው።

አንድ ቀን ያንን ኪስ አፉን ሰፍታ መጣች።

«ባማረኝ ቁጥር አንድ ስፌት እጨምርበታለሁ። የጠጣሁ ቀን ራሴ ተርትሬ አሳይሃለሁ፤ መደበቅ በቃኝ።» አንድ ከረጢት ሸሚዝ አልጋው ላይ ዘረገፈችበት። «አንተም ተነስ፤ ግድግዳው ሰልችቶሃል። ቁልፍ ትከልልኝ።»

«እኔ ሾፌር እኮ ነኝ።»

«መሪም ክብ ነው፣ ቁልፍም ክብ ነው። ያዝ!»

በአንድ ጀምበር አልዳነም፤ ሁለት ዓመት ፈጀበት። እሷ ግን አንድም ቀን «እኔ ትቻለሁ፣ አንተስ?» ብላ አልተመጻደቀችበትም። ከጉድጓድ የወጣ ሞልቷል፤ ዞሮ እጁን የሚሰድ ስንት ነው? እስቲ ቁጠሩልኝ።

አሁን ሾፌሩ ከለቀስተኛው መሃል ብድግ ብሎ ወደ ስፌት ክፍሉ ገባ። ጋውኑ አውልቃ እንደተወችው ወንበሩ ላይ ነው። ኪሱ ተተርትሮ ቢሆንስ? ገለጠው።

የዘጠኝ ዓመት ስፌት ተደራርቦ እንደ ጠባሳ ጠጥሯል። አንድም ክር አልተነካም። ዳር ላይ አንድ አዲስ ስፌት አለ፤ መስመር ስታ የማታውቀዋ ሴት አጣማ የሰፋችው። ክሩ አልተቆረጠም፤ መርፌው እንደተንጠለጠለ ነው።

ያን ጠዋት መልሳለት ኖሯል።

ጋውኑን ይዞ ተመለሰና ከአክስቲቱ ጎን ተቀመጠ። ጉልበቱ ላይ ዘረጋው።

«ምነው አንተ! በሐዘን ቤት ስፌት?»

«መቋጠሩ ነው የቀራት፣ እትዬ።»

አክስቲቱ የምታውቀው የጠርሙስ ኪስ ተሰፍቶ መዘጋቱን አየች፤ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ሾፌሩ ሚስቱ እንዳስተማረችው ክሩን ሁለቴ ቋጠረው፤ ጎንበስ ብሎም በጥርሱ በጠሰው።